የትኛው ሊኑክስ? ዲስትሮ ከመምረጣችሁ በፊት የቬንደሩን ዝርዝር ክፈቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት የገዛው የሂሳብ ሶፍትዌር አንድ ሐሙስ ማታ ቀጥ አለ። ስምንት ወር ሙሉ ኮሽ ሳይል ሲሠራ የቆየ ነው። የሳፖርት ውሉ «ቀንም ሌሊትም» ይላልና ደወልን። ስልኩን ያነሳችው ባለሙያ ስለ ስህተቱ ገና ሳትጠይቅ «ሰርቨሩ ላይ የጫናችሁት ሊኑክስ የትኛው ነው? ቁጥሩስ?» አለች። ነገርናት። ኪቦርድ ስትመታ ይሰማናል። ከዚያ በትሕትና መለሰችልን፦ ይሄ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ከምንደግፋቸው ውስጥ የለም፤ ዝርዝራችን ውስጥ ባለ ሲስተም ላይ ችግሩ ከተደገመ ያን ጊዜ እናየዋለን። ስልኩ ተዘጋ።

ተናደድን። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። «ይሠራል» ሌላ፣ «እንደግፋለን» ሌላ። ሰርቨሩን ስንጭን የመጀመሪያውን ብቻ አይተን ነው የገባንበት።

ይህ መመሪያ ገንዘብ የተከፈለበት ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ ሊጭን ላሰበ ሰው ነው። ዳታቤዝ ይሁን፣ ኢአርፒ (የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ) ይሁን፣ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ይሁን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቬንደር ስል የሶፍትዌሩን ሻጭ ማለቴ ነው።

## ሁሉም ሊኑክስ ከሆነ ጣጣው ምንድነው?

ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ አንድ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስም ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እንዳይሰበር ዘብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጣጣው ያለው ከከርነሉ በላይ ነው። የትኛው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) በየትኛው ስሪት ይግባ፣ ፓኬጁ (የታሸገው ፕሮግራም) እንዴት ይጫን፣ አፕዴት ስንት ዓመት ይቀጥል፤ ይሄን ሁሉ የሚወስነው ዲስትሮው ነው።

ቶርቫልድስ ራሱ ሰብሰርፌስ የሚባል፣ የጠላቂ ዋናተኞች መመዝገቢያ የሆነ ፕሮግራም ጽፏል። በ2014 ዴቢያን በሚባለው ዲስትሮ ጉባኤ ላይ ያማረረው በዚሁ ነው። ለዊንዶውስና ለማክ አዘጋጅተን እናወጣለን፣ ለሊኑክስ ግን ለየዲስትሮው መገንባቱ መከራ ነው አለ። የሊኑክስ አባት እንዲህ ካለ ሻጮቹ ምን ይበሉ?

መፍትሔ አልተሞከረም አይባልም። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ፣ በአጭሩ ኤልኤስቢ፣ በ2001 የመጀመሪያ ስሪቱ ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዲስትሮዎች በሙሉ እነዚህን ላይብረሪዎች በዚህ መልክ ያቅርቡ፤ ሻጩ አንዴ ይገንባ፣ ሁሉም ላይ ይሽጥ። በ2006 የአይኤስኦ ደረጃ እስከመሆን ደረሰ። ግን የፓኬጁ ቅርጽ አርፒኤም ይሁን ስላለ፣ የራሱ የዴብ ፓኬጅ ያለው ዴቢያን ከጅምሩ እንግዳ ሆኖ ቀረ። የመጨረሻው ስሪት 5.0 በ2015 ወጣ። በዚያው ዓመት ዴቢያን አብዛኛውን የኤልኤስቢ ድጋፉን ጣለ። ሬድሃት የሚባለው ዲስትሮም ስሪት 9 ላይ የኤልኤስቢን ፓኬጅ ከውስጡ አስወገደው።

ሌላም ሙከራ ነበር። በ2002 ካልዴራ፣ ኮኔክቲቫ፣ ሱሴና ተርቦሊኑክስ የተባሉ የዲስትሮ ኩባንያዎች ዩናይትድሊኑክስ የሚባል አንድ የጋራ መሠረት ሊሠሩ ተስማሙ። ሬድሃት አልገባበትም። በዓመቱ ካልዴራ ስሙን ኤስሲኦ ብሎ አይቢኤምን ፍርድ ቤት ገተረው፤ ማኅበሩም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

እኔ እንደሚመስለኝ ኤልኤስቢን የገደለው ቴክኒክ አይደለም። ሻጮቹ አምነውበት አልሸጡም። «ኤልኤስቢን የሚያሟላ ሁሉ ይሆናል» ከማለት ይልቅ «ሬድሃት ይሄ ስሪት፣ ሱሴ ይሄ ስሪት» ብለው በስም መጻፉን መረጡ። ምክንያታቸውም ይገባኛል። የሞከሩትን ብቻ ነው የሚፈርሙት። ከጋራ ስታንዳርዱ በደህና የተረፈው የፋይሎች ቦታ ሥርዓት ነው፤ መነሻው 1994 ነው፣ ዛሬም ሁሉም በግድም በውድም ይከተለዋል። አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም ማንም ስታንዳርድ ብሎ ሳያውጀው ከዚህ በታች ያሉትን ዲስትሮዎች ሁሉ በአገልግሎት አነሳስ አንድ አደረጋቸው።

## አንድ ቁጥር ብቻ የምትይዙ ከሆነ የጂሊብሲን ያዙ

ጂሊብሲ ማለት ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩበት የሲ ላይብረሪ ነው። ሕጉ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው። በአሮጌ ጂሊብሲ የተገነባ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ይሠራል። በአዲሱ የተገነባ አሮጌው ላይ አይነሳም።

በ2024 መጀመሪያ የማይክሮሶፍት የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ቪኤስ ኮድ 1.86 ሲወጣ የሆነውን እዩ። ብዙ ፕሮግራመር ኮዱን የሚጽፈው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች ገብቶ ነው፤ ኤዲተሩ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ያስቀምጣል። አዲሱ ስሪት ጂሊብሲ 2.28 ይፈልጋል። ኡቡንቱ 18.04 ያለው 2.27 ነው። በአንዲት ቁጥር! የሬድሃት ነጻ ቅጂ የነበረው ሴንትኦኤስ 7 ማ 2.17 ላይ ነው። ላፕቶፑ ራሱን አፕዴት አደረገ፣ በማግስቱ ሰርቨሩ ጋ መግባት አልተቻለም። ጩኸቱ ሲበዛ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ማስተካከያ አወጣና የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ።

ሰርቨሩ ላይ ማንም ምንም አልነካም። ዲስትሮ ስትመርጡ ይሄን ቁጥር ለዓመታት እየመረጣችሁ ነው፤ አብዛኛው ዲስትሮ ስሪቱ እስኪያልቅ ጂሊብሲውን አይቀይርም።

## መመዘኛዎቹ

ስም ከመጥራቴ በፊት በምን እንደምመዝን ልናገር።

መጀመሪያ የቬንደሩ ዝርዝር። ሻጩ ሶፍትዌሩን የሞከረባቸው ዲስትሮዎች ከነስሪታቸው የተጻፉበት ገጽ አለው። «ሰርተፋይድ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። «ሊሠራ ይችላል» ወይም «በተቻለን መጠን እናግዛለን» የሚል ካለ፣ ያ ሌሊት ላይ ስልክ አያነሳም። ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥርም አትለፉት፤ 8.6 እና 8.10 ለአንዳንድ ሻጭ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ሁለተኛ ጂሊብሲው፣ ካሁን ወዲያ የምታውቁት ነው። ሦስተኛ ዕድሜ፦ ሶፍትዌሩን ስንት ዓመት ልትይዙት ነው፣ የዲስትሮው የደኅንነት አፕዴትስ እስከዚያ ይደርሳል ወይ?

አራተኛ ክፍያ። እዚህ አገር ጥያቄው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ በምን ምንዛሪ፣ በማን በኩል፣ በየስንት ጊዜው የሚለውም ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ውል ዘንድሮ ቢከፈልም ለከርሞው ምንዛሪ ከወዲሁ ካልታሰበበት ሰርቨሩ ያለ አፕዴት ሊቀር ይችላል። በብር የሚሸጥ የአገር ውስጥ ወኪል ካለ፣ ትንሽ ቢወደድም ሊያዋጣ ይችላል።

አምስተኛ፣ ነገር ሲበላሽ ማን ጋ ይደወላል? የሶፍትዌሩ ሻጭ «ችግሩ ከሲስተሙ ነው»፣ የሲስተሙ ሻጭ «ችግሩ ከሶፍትዌሩ ነው» ሲባባሉ መሐል ላይ የሚቆመው እናንተ ናችሁ።

## ምርጫዎቹ አንድ በአንድ

ሬድሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ። የቬንደር ዝርዝር ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠበቀው ስም ይሄ ነው። አንድ ስሪት 10 ዓመት ይቆያል፤ 8 እስከ ግንቦት 2029፣ 9 ደግሞ እስከ ግንቦት 2032። ኦራክል ዳታቤዝ፣ ሳፕ ሃና (የሳፕ ኩባንያ ዳታቤዝ)፣ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁሉም ይጠሩታል። ክፍያው በየዓመቱ ነው። ለግል ሥራና ለመማር እስከ 16 ማሽን በነጻ የሚሰጥ የዴቨሎፐር ምዝገባ አለው፤ የመሥሪያ ቤት ፕሮዳክሽን (የዕለት ተዕለት እውነተኛ ሥራ) ማስኬጃ አድርጋችሁ ግን አትቁጠሩት።

ዝርዝሩን ሻጮች ምን ያህል ቃል በቃል እንደሚይዙት የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። የኦራክል ዳታቤዝ 19ሲ የመጀመሪያው ኢንስታለር (መጫኛ ፕሮግራም) የተሠራው ሬድሃት 8ን ሳያውቅ ነው። ሬድሃት 8 ላይ ስታስነሱት የሚደገፍ ሲስተም መሆኑን የሚያጣራበት ደረጃ ላይ ስህተት ጥሎ ይቆማል። ዲቢኤዎች (የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች) አንዲት መስመር ጽፈው «ሰባተኛው ላይ ነህ» ብለው ያታልሉታል፣ ይቀጥላል። ኢንስታለሩ ያጣው አቅም ሳይሆን ስም ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ 8 በኋላ ተገቢው አፕዴት ሲጨመርበት በኦራክል ሰርተፋይድ ሆኗል። ዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ዲስትሮ ላይ ይቺን ዘዴ የሚጠቀም ሰው ግን የሚያታልለው ኢንስታለሩን እንጂ የሳፖርት ክፍሉን አይደለም።

አልማ፣ ሮኪ እና ኦራክል ሊኑክስ። የሬድሃት ዘመዶች ናቸው፤ ለመጫን ክፍያ የለባቸውም። አልማና ሮኪ የተወለዱት በታኅሣሥ 2020 የሴንትኦኤስ 8 ዕድሜ በድንገት እንዲያጥር ከተወሰነ በኋላ ነው። እስከ 2029 ይኖራል የተባለው በ2021 መጨረሻ አበቃ። ያኔ ሰርቨሩን በሙሉ ሴንትኦኤስ 8 ያደረገ ሰው ምን እንደተሰማው እናንተው ገምቱ።

በ2023 ሬድሃት የምንጭ ኮዱን አወጣጥ ሲያጠብ ሁለቱ መንገዳቸውን ለዩ። ሮኪ ሬድሃትን ከነስህተቱ መቅዳቱን ቀጠለ። አልማ ግን «ለሬድሃት የተሠራ ፕሮግራም እኛም ላይ ይሂድ እንጂ እያንዳንዱን ስህተት አንቀዳም» አለ። ለተራ ሥራ ልዩነቱ አይታይም። ሻጭ ፊት ግን ሁለቱም ሬድሃት አይደሉም። «ከሬድሃት ጋር አንድ ነው እኮ» የሚለው ክርክር ስልክ ላይ እንደማያዋጣ ሞክሬ አይቻለሁ።

ኦራክል ሊኑክስ ለየት ይላል። ማውረዱም አፕዴቱም ነጻ ነው፣ ሳፖርት ከፈለጋችሁ ትከፍላላችሁ። የኦራክልን ዳታቤዝ ለሚያስኬድ ሰው ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም፤ ሲስተሙም ሶፍትዌሩም የአንድ ቤት ስለሆነ ጣት መቀሳሰር የለም። ሳፕ ሃና ካላችሁ ግን አይሆንም።

ሱሴ። እዚህ ብዙም አይታወቅም፣ አውሮፓ ውስጥ ግን ከባድ ስም ነው። ሳፕ ሃና የሚደገፈው ሱሴና ሬድሃት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የሳፕ ሰው ያውቀዋል። ስሪት 15 ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሰርቪስ ፓኩን (የስሪቱን ማሻሻያ ጥቅል) ነው። አዲሱ ከወጣ 6 ወር ውስጥ ወደ እሱ ካልተሻገራችሁ ወይ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ ወይ ያለ አፕዴት መቅረት።

ኡቡንቱ ኤልቲኤስ። በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚወጣው፣ ረጅም ድጋፍ ያለው ስሪት ነው። 5 ዓመት አፕዴት በነጻ፣ በኡቡንቱ ፕሮ ሌላ 5። ፕሮ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን ነጻ ነው። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ኡቡንቱን ይደግፋል። የማሽን ለርኒንግ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቡት ለኡቡንቱ ነው። የኦራክል ዳታቤዝ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። «ኡቡንቱ ነው የለመድነው» ብለው እላዩ ላይ ኦራክል በግድ የጫኑ ሰዎችን አውቃለሁ። ተጭኗል፤ እስከ መጀመሪያው ትልቅ ችግር ድረስ።

ዴቢያን። እኔ ለራሴ ሰርቨር የምመርጠው ይሄን ነው። ከፋይ የለው፣ ባለቤት የለው፣ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ አንድ ሌሊት አይለወጥም። ስሪቱ 3 ዓመት ገደማ ሙሉ አፕዴት፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት የሚያደርሰው ተጨማሪ ጊዜ አለው። በትልልቅ ሻጮች ዝርዝር ውስጥ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር እንኳ አይጠራውም። የምታስኬዱት ሁሉ ኦፕን ሶርስ ከሆነ ግድ አይስጣችሁ።

ኮንቴነር፣ ፍላትፓክ፣ ስናፕ። እነዚህ ዲስትሮ አይደሉም፣ ከዲስትሮ ማምለጫ ናቸው። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ፣ ጂሊብሲውን ጭምር፣ አብሮ ይዞ ይመጣል። ኤልኤስቢ በስምምነት ያልሞላውን እነዚህ በሻንጣ ሞሉት ብል ያስኬዳል። ዋጋው ሻንጣው ነው። ለአንድ ትንሽ የፍላትፓክ ፕሮግራም ብላችሁ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር መሠረት ልታወርዱ ትችላላችሁ፤ በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ የፍላትፓክ ፕሮግራሞች ማከማቻ የሆነው ፍላትሀብ ላይ ያለው ሁሉ ሻጩ ራሱ ያስቀመጠው አይደለም። የተረጋገጠ ምልክት ከሌለው ያሸገው በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩም አያውቀውም። የሰርቨር ኮንቴነርም ቢሆን ሻጩ ራሱ ያወጣው መሆኑን እዩ።

## በአንድ ገበታ

| ምርጫ | የቬንደር ዝርዝር ላይ | ጂሊብሲ | የአፕዴት ዕድሜ | ክፍያ |
|---|---|---|---|---|
| ሬድሃት | ከሁሉም ሰፊው | 8፦ 2.28፣ 9፦ 2.34፣ 10፦ 2.39 | 10 ዓመት | በየዓመቱ |
| ኦራክል ሊኑክስ | ለኦራክል ምርቶች ጠንካራ፣ ለሌላው ይጣራ | እንደ ሬድሃት | 10 ዓመት | ነጻ፣ ሳፖርቱ በክፍያ |
| አልማ እና ሮኪ | ጠባብ፣ በፊልም ሥራ ይሻላል | እንደ ሬድሃት | 10 ዓመት | ነጻ |
| ሱሴ | ጥሩ፣ በተለይ ለሳፕ | እንደ ሰርቪስ ፓኩ | ረጅም፣ ፓኩን እየተከተሉ | በየዓመቱ |
| ኡቡንቱ ኤልቲኤስ | ጥሩ፣ ኦራክል ዳታቤዝ የለም | 22.04፦ 2.35፣ 24.04፦ 2.39 | 5፣ በፕሮ 10 | ነጻ፣ ፕሮ ለድርጅት በክፍያ |
| ዴቢያን | ጠባብ | 12፦ 2.36፣ 13፦ 2.41 | 5 ገደማ | ነጻ |

## ለማን የትኛው?

ኦራክል ዳታቤዝ ላይ የቆመ የሂሳብ ወይም የባንክ ሲስተም ከሆነ ከሬድሃትና ከኦራክል ሊኑክስ አትውጡ። በጀት ካጠረ ፕሮዳክሽኑን ብቻ በክፍያ ያዙና የሙከራ ሰርቨሮቹን ኦራክል ሊኑክስ ላይ ያለ ሳፖርት አስኪዱ። የሙከራ ሰርቨሩን አልማ አድርጎ ፕሮዳክሽኑን ሬድሃት ማድረግም ያስኬዳል፤ ብቻ ስሪታቸው እስከ ነጥቡ ይመሳሰል።

የሳፕ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ የምታገኙት ባለሙያ የትኛውን እንደሚያውቅ አይታችሁ ወስኑ።

የራሱን ሶፍትዌር የሚሠራ ስታርታፕ፣ ፖስትግሬስና ፓይተን ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ ኡቡንቱ ኤልቲኤስ ወይም ዴቢያን ይበቃዋል። ሶፍትዌራችሁን ለደንበኛ የምትሸጡ ከሆናችሁ ደግሞ አሁን ቬንደሩ እናንተ ናችሁ። ደንበኞቻችሁ ካላቸው ጂሊብሲ ሁሉ ትንሹ ላይ ገንቡ። የፓይተን ማኅበረሰብ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ የተገነቡ ፓኬጆቹን ለዓመታት በ2.17 ልክ ሲያወጣ ቆይቶ አሁን ወደ 2.28 እየተሻገረ ነው።

የቪዲዮ ኤዲተሮች ነገር ያስደስተኛል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለሊኑክስ በስም የሚጠራው ሮኪ 8.6ን ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። የፊልም ኢፌክት ሙያው በየዓመቱ የሚታደስ የራሱ የጋራ የስሪት ሰንጠረዥ አለው፤ የ2023ቱ ጂሊብሲ 2.28 ይላል፣ ማለትም ልክ የሬድሃት 8 እና የዘመዶቹ። ኤልኤስቢ ለሁሉም ሊሆን ሲል ያቃተውን አንድ ሙያ ለራሱ አደረገው። ኡቡንቱ ላይ ሪዞልቭን በዘዴ የሚጭኑ ብዙ ናቸው። የቤት ሥራ ከሆነ ሞክሩት። ደንበኛ የሚጠብቀው ሥራ ከሆነ ሮኪ ጫኑ።

ለራሳችሁ ላፕቶፕ ከሆነ ይሄን ሁሉ ማንበብ አልነበረባችሁም። ጓደኛችሁ የሚጠቀመውን ጫኑ፤ ሲበላሽ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ።

## ከመፈረማችሁ በፊት

ለሻጩ ኢሜይል ጻፉ፣ መልሱንም አስቀምጡ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በዚህ ዲስትሮ፣ በዚህ ስሪት፣ ከነጥብ በኋላ ባለው ቁጥር ሰርተፋይድ ናችሁ ወይ? ዲስትሮው አፕዴት ሲያወጣ የእናንተ ድጋፍ በስንት ጊዜ ይከተላል? ዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ሲስተም ላይ ችግር ቢገጥመን ምን ታደርጋላችሁ? ሦስተኛውን ሽያጭ ሠራተኛው «አታስቡ» ብሎ ካለፈው ከሳፖርት ክፍሉ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ።

የእኛው ሐሙስ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሲስተም ከነቁጥሩ ሌላ ማሽን ላይ ጫንን። እንዳይጠፋን ብለን የዲስኩን አከፋፈልና ዳታውን ከድሮው ሰርቨር እንዳለ ቀዳን። ሶፍትዌሩ ከሰዓት በኋላ እዚያም ቀጥ አለ። ደስ አለን ማለት ይቻላል። ደወልን፣ ዲስትሮውን ነገርን፣ ቲኬት ተከፈተ። ባለሙያዋ አንዲት ትእዛዝ እንድንጽፍ ጠየቀችን፤ የዲስክ ቦታ የምታሳየዋን። ሎግ (የሥራ መዝገብ) የሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል መቶ በመቶ ሞልቷል።